አዋጁ ታመመ

መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሜ «አዋጁ» ነበር። ፊት ለፊት ደፍሮ የሚጠራኝ አልነበረም፤ ከኋላዬ ግን ከጥበቃው እስከ ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ድረስ «አዋጁ መጣ፣ ፈርሙ!» ይባባላሉ። እሰማለሁ። እንዳልሰማ ሆኜ ቢሮዬ እገባና በሩን ከዘጋሁ በኋላ ፈገግ እላለሁ። ሰው ሲፈራህ ያከበረህ ይመስልሃል፤ እኔን መስሎኝ ነበር።

ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ሆኜ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ሌላው ዳዊት እንደሚደግም እደግመዋለሁ። ከእሱ በፊት የነበረው 377/1996 የተሻረ ጊዜ ሦስት ቀን ከፍቶኝ ነበር፤ ለሐዘን የሚፈቀደው ሦስት የሥራ ቀን ስለሆነ በአራተኛው ቀን ተውኩት።

ከአንቀጾቹ ሁሉ የምወዳቸው 85 እና 86ን ነበር። የሕመም ፈቃድ አንቀጾች ናቸው። ሕመሙ ከሥራ የመጣ ካልሆነ፣ ሠራተኛው ከታመመበት የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ ከስድስት ወር ያልበለጠ ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ለአዲስ ሠራተኞች ይህን ሳስረዳ ቅኔ እንደሚያስነግር መሪጌታ እጄን አወናጭፍ ነበር። ምን ያለ ምጣኔ! ሰውየው እየደከመ በሄደ ቁጥር ገንዘቡም አብሮት እየደከመ ይሄዳል፤ እኔ የሚታየኝ ግን ውበቱ ብቻ ነበር።

ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ካላንደር ተሰቅሏል። የታመመ ሠራተኛ የቀረበት ቀን በቀይ እስክሪብቶ ይከበባል። 31ኛው ቀን ላይ ግማሽ ክብ፤ 91ኛው ላይ ባዶ ክብ። 181ኛው ላይ ምልክት አላደርግም፤ ለዚያ ቀን ደብዳቤው ታትሞ ያድራል።

ከእነዚያ ቀያዮች አንዱ የመጋዘን ሠራተኛችን ነበር። ኩላሊቱ ደክሞ እጥበት ጀመረ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ማሽን ላይ ይተኛል። መጋዘኑ ቁልፍ ያዥ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ቀን እቆጥራለሁ። በ181ኛው ቀን ጠዋት ደብዳቤውን አክብሮት እንዲመስል በሁለት እጄ ይዤ ሰጠሁት። «ጉዳዩ፦ የሥራ ውል ስለማቋረጥ» ይላል፤ መጨረሻው ላይ «ለወደፊቱ መልካሙን ሁሉ እንመኝልዎታለን»፤ ከታች «ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ክፍል፣ ለመጋዘን ክፍል፣ ለጥበቃ ክፍል»። ለጥበቃ ክፍል የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬን የተሟላ ያደርገዋል ብዬ። ሰውየው አነበበና ቀና ብሎ ካላንደሩን አየ።

«ጠንቅቀህ ቆጥረሃል» አለኝ።

ሞኙ እኔ ምስጋና መሰለኝ። «ሥራዬ ነው» አልኩት።

ታዲያ አንድ ቀን አንገቴ ላይ እብጠት ወጣ። ሽምብራ የምታህል ነበረች፤ በሁለት ወር ውስጥ ሎሚ አከለች። አታምም። የማያም ነገር ማስረጃ የለውም ብዬ ዝም አልኳት። ሌሊት አንሶላዬ እስኪርስ ያልበኛል፤ ብርድ ልብሱን ወቀስኩ። ሱሪዬ ከወገቤ ይወርዳል፤ ቀበቶውን ወቀስኩ። ቢራ ስጠጣ አንገቴ ውስጥ ይወጋኛል፤ ጠማቂውን ወቀስኩ። ኋላ ሐኪሟ «ይሄ እኮ ብዙ ሰው ላይ ባይታይም የታወቀ ምልክት ነው» ስትለኝ ጠማቂውን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁ። «የታመመ ሠራተኛ በማግስቱ ማሳወቅ አለበት» እያልኩ ስንቱን የገሠጽኩ ሰውዬ በሚያዝያ ሙቀት ሻርፕ ጠምጥሜ ቢሮ እመላለስ ነበር።

በመጨረሻ ባለቤቴ ጎትታ ሐኪም ቤት አደረሰችኝ። በአገራችን አንገት ላይ ዕጢ ሲያብጥ ቀድሞ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ብዙ ጊዜም እሱው ሆኖ ይገኛል። ቲቢ ከሆነ መድኃኒት እየዋጡ መሥራት ይቻላል ብዬ ቲቢ እንዲሆንልኝ ተመኘሁ። ቲቢን እንደ ሎተሪ የተመኘ ሰው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ዕጣው ግን አልወጣልኝም። ከዕጢው ናሙና ተወስዶ ተመረመረ፤ ሆጅኪን ሊምፎማ ሆነ።

ውጤቱን ልሰማ የሄድኩት ብቻዬን ነበር። ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳችኝ። ካንሰር ነው፤ ነገር ግን ለሕክምና እሺ ከሚሉት ካንሰሮች አንዱ ነው፤ ብዙ ሰው ይድናል። ከዚያ ጥያቄ እንዳለኝ ጠየቀችኝ። ሌላ ሰው «እድናለሁ ወይ?» ይላል፤ ወይም የልጆቹን ስም ይጠራል። እኔ «ሕክምናው ስንት ወር ይፈጃል?» አልኩ።

«በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው 12 ጊዜ። ስድስት ወር ገደማ።»

ሳቅሁ። ሳቄን ማቆም አልቻልኩም። ስድስት ወር! አዋጁ እና ካንሰሩ ተማክረው የመጡ ይመስል። ሐኪሟ ሶፍት አቀረበችልኝ።

የዚያን ዕለት ሌሊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። በአዋጁ መሠረት ፈቃዱ በተከታታይም በተለያየ ጊዜም ሊወሰድ ይችላል። እንግዲያው ለምን ተኝቼ ስድስት ወር አቃጥላለሁ? ለእያንዳንዱ ኬሞ ሦስት ቀን ብቻ ብቀር፣ ሦስት ሲባዛ በ12፣ 36 ቀን። በምርመራ የባከኑት 14 ቀናት ሲደመሩ 50። 30ው በሙሉ ደመወዝ፣ 20ው በግማሽ። ካንሰሬን በ50 ቀን አጠናቅቄ ወንበሬ ላይ እገኛለሁ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ብልጠት ከኔ ሌላ ማን ያስባል ብዬ ተኛሁ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለውን ያን ሌሊት ያስታወሰኝ አልነበረም።

የሚቀጥለው ብልጠት ምስጢር መጠበቅ ነበር። የሐኪም ማስረጃ ለሰው ኃይል አስተዳደር ይቀርባል፤ የሰው ኃይል አስተዳደር ደግሞ እኔ ነኝ። ማስረጃዬን ለራሴ አቀረብኩ፤ ማኅተሙን መረመርኩ፤ «ከማህደሩ ጋር ይያያዝ» ብዬ መራሁበት፤ ማህደሬንም ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ለሥራ አስኪያጁ «ጨጓራ ነው» አልኩት። ደረቅ ማኅተሙ በደንብ አልታየም ብዬ የስንቱን ወረቀት የመለስኩ ሰው ነኝ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሁለት ሱባዔ ጸበል ቆይታ ከአጥቢያው የተጻፈላትን ወረቀት ስታመጣ «መንግሥት ያወቀው የሕክምና ተቋም አይደለም» ብዬ ቀናቱን ከደመወዟ ቆርጫለሁ። ለራሴ ስሆን ግን የኔን ያህል ደግ ቢሮ አዲስ አበባ ውስጥ አልነበረም።

ሕክምናው ተጀመረ። መድኃኒቶቹ አራት ሲሆኑ በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት «ኤቢቪዲ» ይባላሉ። አንደኛዋ ደም የመሰለች ቀይ ናት። አድሪያማይሲን ትባላለች፤ ምንጯ ከጣልያን አፈር የተገኘ ባክቴሪያ፣ ስሟም ከአድሪያቲክ ባሕር የተወሰደ ነው። አራቱን አንድ ላይ ያቀናጃቸው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሚላኖ ይሠራ የነበረው ጣልያናዊው ሐኪም ጃኒ ቦናዶና ነው። አያቴ አምስት ዓመት ጫካ ገብቶ ያስወጣውን እኔ በየሁለት ሳምንቱ ክንዴን ዘርግቼ አስገባዋለሁ።

ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ፈቃድ ልቆጥብ ብዬ በማግስቱ ቢሮ ገባሁ። ነርሷ «ሽንትህ አንድ ሁለት ቀን ቢቀላ አትደንግጥ፤ የመድኃኒቱ ቀለም ነው» ብላኛለች። እኔ አልደነገጥኩም። በዕለቱ ግን ፋብሪካው ውስጥ ውሃ ጠፍቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ የጽዳት ሠራተኞቹ አለቃ እየተቆጣ መጣ፤ «የቀለም ክፍል ልጆች ቀይ ቀለም መጸዳጃ ቤት እየደፉ ነው!» አለኝ። ፕላስቲክ ፋብሪካ ነንና ቀይ ቀለም በጆንያ አለን። እውነቱን የምናገርበት ዕድል በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እኔ ግን ኮምፒዩተሬን ከፍቼ ማስታወቂያ ጻፍኩ፤ «የማምረቻ ግብዓት የሆነ ቀለም መጸዳጃ ቤት ውስጥ መድፋት በጥብቅ የተከለከለ ነው»። ፈረምኩበት። በዚህም አልበቃኝም፤ ሁለቱን የቀለም ክፍል ልጆች ጠርቼ የቃል ማስጠንቀቂያ ሰጠኋቸው። ከመካከላቸው አንዱ «ጋሼ፣ እኛ እኮ በዚህ ሳምንት አረንጓዴ ነው የምናመርተው» አለኝ። «አትከራከር» አልኩት።

ከሁለተኛው ዙር በኋላ ጸጉሬ መርገፍ ጀመረ። ተላጨሁና ባርኔጣ አደረግሁ። ወሬው ወዲያው ተነሣ፤ አዋጁ ራሱን የሚያሳምረው ውጭ ውጭ ስላመረው ነው ተባለ። ማስተባበል ሲገባኝ ወሬውን ኮትኩቼ አሳደግሁት። ስልክ ሲደወልልኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ወደ በረንዳ እወጣለሁ፤ የምትደውለው የላቦራቶሪዋ ልጅ ናት። በሽተኛ ከምባል ወስላታ ብባል ይሻላል አልኩ። አሥራ አራት ዓመት ታምና የኖረች ሚስት ስሟ አብሮ እንደሚነሣ አላሰብኩም። ከራስ በላይ ነፋስ።

ረዳት ነበረችኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ሁለት ዓመቷ። ጎበዝ ናት፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። የደመወዝ ዝርዝሩን፣ የፈቃድ መዝገቡን፣ የደብዳቤ ናሙናዎቹን ሁሉ በይለፍ ቃል ቆልፌ ነበር የምይዘው። «ጋሼ፣ ድንገት ቢቀሩ እኔ ምን ላድርግ?» ስትለኝ «አልቀርም» እላታለሁ። ቦታዬን የሚጠብቅልኝ እሱ መስሎኝ ነበር፤ ሌላ ማንም የማያውቀው የይለፍ ቃል ያለው ሰው አይባረርም።

ከሦስተኛው ዙር በኋላ ትኩሳት ያዘኝ። ነጭ የደም ሴሎቼ አልቀው ነበርና ተኛሁ፤ 19 ቀን። 23 የነበረው የፈቃድ ቀኔ ወደ 42 ዘለለ። ከዚያ ወዲያ ሐኪሟ «ሕክምናው እስኪያልቅ ሙሉ ዕረፍት» ብላ ጻፈች፤ የ50 ቀኑ ዕቅዴም አብሮ ተኛ።

በተኛሁ በሦስተኛው ቀን ምስጢሩ ወጥቶ ነበር፤ ባለቤቴ ቢሮ ደውላ ተናግራለች። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነበር። የወሩ መጨረሻ እየደረሰ ነው፤ የይለፍ ቃሉ እኔ ጋ ነው፤ ደመወዝ ሊዘገይ ነው። ስልኬን ትራሴ ሥር አድርጌ «ያለ እርስዎ አልተቻለም» የሚለውን ጥሪ ጠበቅሁ። አልተደወለም። አንድ የሒሳብ ክፍል ሰው ሊጠይቀኝ ሲመጣ እያመነታሁ «ደመወዝ እንዴት ሆነ?» አልኩት። «ገባ እኮ! እንዲያውም በዚህ ወር በጊዜ ነው የገባው» አለኝ። ረዳቴ ሁሉንም ከባዶ፣ በአዲስ ፋይል፣ በሁለት ቀን ሠርታዋለች። ሠራተኛው ደመወዙን ሳይጎድል አግኝቷል። የዚያን ዕለት ያለቀስኩትን ያህል ሐኪሟ ስለ ካንሰሩ ስትነግረኝ አላለቀስኩም።

ተኝቼ ስልኬ ላይ ሳነብ፣ በሽታው በስሙ ስለሚጠራበት ቶማስ ሆጅኪን አገኘሁ። እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ ሕመሙን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1832 ነው። በ1837 በሚሠራበት የለንደን ሆስፒታል የሚገባው ዕድገት ተከለከለና ጥሎ ወጣ። የበሽታዬ ባለቤት ራሱ በሥራ የተገፋ ሰው ሆነ! ለሦስት ቀን ያህል እኔና ሆጅኪን አንድ ዓይነት ሰማዕታት መስለን ታየኝ። በአራተኛው ቀን የተጣላበትን ምክንያት አነበብኩ፤ በሰሜን አሜሪካ የአገሬው ተወላጆች ላይ በአንድ የንግድ ኩባንያ ስለሚደርሰው በደል ከሆስፒታሉ የበላይ ጋር ተጋጭቶ ነበር። እሱ ለተበደሉት ሲል ወንበሩን አጣ፤ እኔ ወንበሬን ላለማጣት የቀለም ክፍል ልጆችን በደልኩ። ከዚያ በኋላ ስሙን እያነሣሁ መመጻደቅ ተውኩ።

ጠያቂው ብዙ ነበር። ብርቱካን፣ ጁስ፣ «እግዚአብሔር ይማርህ»። እኔ ደግሞ መዝገብ ያዝኩ፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ደወለ ብቻ። ከመሥሪያ ቤቱ ካርድ ተላከልኝ፤ «በቅርቡ በሥራ ገበታዎ ላይ እንደምናገኝዎ ሙሉ ተስፋ አለን»። ዓረፍተ ነገሩ የኔው ነው፤ ከሰባት ዓመት በፊት ጽፌው በአብነት ያስቀመጥኩት። ለስንት ሰው እንደላክሁት አውቃለሁ፤ ከእነሱ ውስጥ ስንቱን በሥራ ገበታው ላይ እንዳላገኘሁትም አውቃለሁ።

እናቴ እንጦጦ ማርያም ጸበል ካልወሰድኩህ አለች። ሐኪሟ ብርድ እንዳይመታኝ አስጠንቅቃ ፈቀደች። ሄድኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ከልቤ ጸለይኩ፤ ምን ብዬ? «ቦታዬን አስጠብቂልኝ» ብዬ። መዳኔን የለመንኩት ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ነው፤ እሱንም እናቴ «ምን ብለህ ለመንክ?» ስላለችኝ።

ደመወዜ ግማሽ ሲሆን ለባለቤቴ አልነገርኩም። ከአንድ ጓደኛዬ ተበድሬ እሞላለሁ፤ የዕቁቤን ዕጣ ከሌላ ሰው ጋር ተለዋውጬ አስቀድሜ በላሁ። ምግብ ሁሉ ብረት ብረት ይለኛል፤ እንዳይከፋት «ወጥሽ እንዴት ይጣፍጣል!» እያልኩ እጎርሳለሁ። አንድ ማታ ሳህኑን አንሥታ ዓይን ዓይኔን እያየች «ደመወዝህ ከጎደለ ስንት ወር ሆነው?» አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች ስጠይቃት «አሥራ አራት ዓመት ስንኖር ወጤን አንድ ቀን አመስግነህ አታውቅም። አሁን በየቀኑ የምታመሰግነኝ ምን ደብቀህ ነው?» አለች። ወርቅዋን ከሸጠች ሳምንት አልፏት ነበር። እኔ ብልጥ መስዬ ስደብቅ፣ እሷ የደበቅሁትን ዕዳ ትከፍል ነበር።

ያለ ደመወዝ የሆነው ወር ሲገባ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ለደም ምርመራ ተራ ይዤ ቆሜያለሁ። ማስክ አድርጌያለሁ፤ ባርኔጣዬን እስከ ቅንድቤ ስቤያለሁ። አጠገቤ ያለው ሰው «አዋጁ!» አለ። በ11 ዓመት ፊት ለፊት የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ቀና አልኩ፤ የመጋዘን ሠራተኛው። ከስቷል፤ ክንዱ ላይ መርፌ የሚገባበት ሥር ተገታትሯል። ምን እንደሆንኩ፣ ምን እንዳገኘኝ አልጠየቀኝም።

«ስንተኛው ወር ላይ ነህ?» አለኝ።

«አራተኛው።»

«ያለ ደመወዝ ነሃ።» ራሱን ነቀነቀ። «ሦስተኛው መስኮት ሂድ፤ እዚህ ያለው ሰልፍ ለተኝቶ ታካሚ ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከመጣህ ደግሞ ወረፋ የለም።»

አንድ ሰዓት ያህል አብረን ተቀመጥን። ይቅርታ ልጠይቀው ፈለግሁ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና የወጣልኝ ይሄ ነበር፦ «ያኔ እንግዲህ… በአንቀጽ 85 ንዑስ አንቀጽ 2 መሠረት…»

«አንቀጹንማ አውቀዋለሁ» አለኝ። «ደብዳቤው ላይ ጽፈኸዋል። ሕጉ ሕግ ነው፤ መጋዘኑም ሰው ይፈልጋል። እኔን የከፋኝ ጥበቃው ነው። በሳምንቱ ኩባያዬን ልወስድ ስመጣ በር ላይ ከለከለኝ። ስድስት ዓመት አብረን ሻይ የጠጣን ሰው! ‹ደብዳቤ ደርሶኛል› አለኝ። አያየኝም፤ መሬት መሬት ያያል።»

ያ ግልባጭ ሥራዬን የተሟላ ለማድረግ የጨመርኩት ነበር። ያስጨመረኝ አንቀጽ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የኮሪደሩ ሰዎች ማን እንደሆንኩ አወቁ፤ እሱ ነግሯቸው ነው። ሰልፍ ላይ ሆነው ይጠይቁኛል፤ እመልሳለሁ። በማግስቱ ለአሠሪህ አሳውቅ፤ ማስረጃህን ኮፒ አድርገህ ዋናውን ስትሰጥ አስፈርም፤ ፈቃድህን ከፋፍለህ መውሰድ ትችላለህ፤ አምስት ዓመት ካገለገልክና በሕመም ምክንያት ውልህ ከተቋረጠ የስንብት ክፍያ አለህ፤ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ለሠራ ማስጠንቀቂያው ሦስት ወር ነው። እነዚህን ነገሮች 11 ዓመት አውቃቸው ነበር፤ ለሠራተኛ ሳይጠይቀኝ የነገርኩት ግን አንዱንም የለም። ይህን የምጽፈው ተለውጫለሁ ለማለት አይደለም። ሰዎች ዙሪያዬን ከበው ሲያዳምጡኝ እጄ እንደ መሪጌታ መወናጨፍ ጀምሮ ነበር። አንዲት እናት «ይሄ ሰውዬ ታሞ ነው ወይስ ሊሰብክ የመጣ?» ስትል ሰምቻለሁ።

ሕክምናው እንደ ሕጉ አልሄደም። ሦስት ጊዜ ደሜ አንሶ በየሳምንቱ ተገፋ፤ አንድ ጊዜ ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ ከፋርማሲው ጠፍቶ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። 180ው ቀን ሲሞላ ሁለት ዙር ይቀረኛል። በ181ኛው ቀን ጠዋት ከረዳቴ በቴሌግራም መልእክት ደረሰኝ፦ «ጋሼ፣ እርስዎ ሳያዩት እንዲፈረም አልፈለግሁም»። የስንብት ደብዳቤዬ ረቂቅ ነበር።

እንደ ልማዴ ስሕተት ፍለጋ ገባሁ። የስንብት ክፍያ፦ ለመጀመሪያው ዓመት 30 ቀን፣ ለቀሩት 10 ዓመታት በየዓመቱ የዚያ ሲሶ፤ በጠቅላላው የ130 ቀን ደመወዝ። ልክ ነው። የሦስት ወሩ ማስጠንቀቂያ በክፍያ ተተክቷል። ልክ ነው። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ። ልክ ነው። ነጠላ ሰረዝ እንኳ የምነቅፍበት አጣሁ። ዝቅ ብዬ ግልባጩን ሳይ ግን አገኘሁ! ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደወልኩላት።

«ግልባጭ ላይ ጥበቃ ክፍልን ረስተሻል።»

ትንሽ ዝም አለች።

«አልረሳሁትም፣ ጋሼ።»

ስልኩን ዘግቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ከሰውየው አፍ ሰምቼ፣ የራሴን በር ራሴ ላስዘጋ ነበር የደወልኩት።

በሳምንቱ ዕቃዬን ለመሰብሰብ ሄድኩ። ጥበቃው ባርኔጣዬን አየና አቀፈኝ፤ «ግቡ ጋሼ» አለኝ። ቢሮዬ ውስጥ ካላንደሩ ተነሥቷል። ቁም ሣጥኑን ስከፍት ከታችኛው መደርደሪያ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሰማያዊ የቆርቆሮ ኩባያ አገኘሁ። ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ባለቤቱ ያልወሰደው ንብረት»፤ ቀን፣ ተራ ቁጥር፣ ፊርማ። ፊርማው የኔ ነው። ጥበቃው የከለከለውን ዕቃ ያኔውኑ አስመጥቼ መዝግቤዋለሁ፤ ባለቤቱ የት እንደሚኖር ማህደሩ ላይ ነበር፤ መደወል አላሰብኩም።

በ11ኛው ዙር ቀን ኩባያውን ይዤ ኮሪደሩ ላይ ጠበቅሁት። ተቀበለኝ፤ ጋዜጣውን ፈታ፤ ውስጡን በጣቱ ጠረገ። እኔም ሳላውቀው እጄ ኪሴ ገብቶ የርክክብ ፎርም አወጣ። ከቤት ስወጣ ሞልቼው ነበር፤ ብዛት አንድ፣ ሁኔታ ደህና። አየው፤ እኔን አየኝ፤ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ እስክሪብቶዬን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ «ተረካቢ» በሚለው ላይ ፈረመ።

ፎርሙን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። የትኛው ማህደር ውስጥ እንደማስገባው ግን እስካሁን አላወቅሁም።